በድርቅ የተበደረ ተራ

(ምክር ቤቱ በመስኖ አዋጁ ላይ ድምፅ ሊሰጥ አርባ ደቂቃ ቀርቶታል፤ የመስኖ ጉዳዮች ቋሚ ኮሚቴ ሰብሳቢ ወይዘሮ ይታይሽ በቢሮዋ ከጠረጴዛው ኋላ ተቀምጣለች፤ በትውልድ ቀበሌዋ የአንጉትን ቦይ ውሃ ለየቤቱ በተራ የሚያካፍሉት የውሃ አባት አያ ቢያዝን ዘንጋቸውን ይዘው ከፊቷ ቆመዋል።)

ቢያዝን፦ ከሃያ ሰባት ዓመት በፊት፣ በዚያ በድርቁ ዓመት፣ ክረምቱ ሐምሌ አጋማሽ ላይ ገባ፤ ነሐሴ ሃያ ወጣ። ጤፉ ሳያፈራ ነጣ። አንጉት በጥር ቀጠነ። በየካቲት ሕፃን በአንድ እርምጃ ይሻገረው ነበር። ግማሽ ቀን የነበረውን የውሃ ተራ ሙሉ ቀን አደረግነው። ሃያ አራት ቤት ነበርን፤ ዙሩ ሃያ አራት ቀን ሆነ። ሽንኩርት ሃያ አራት ቀን አይጠብቅም። ከብት አለቀ። በውሃ የተጣላ ሰው ግን አልነበረም። አንድ ሰው አልተፈነከተም። ይህን ጻፊው።

ይታይሽ፦ አያ ቢያዝን፣ የሚጻፍበት ጊዜ አልፏል። ረቂቁ ታትሟል። ሦስት ሰዓት ላይ ድምፅ ይሰጥበታል።

ቢያዝን፦ አሁን ስንት ሰዓት ነው?

ይታይሽ፦ ሁለት ሰዓት ከሃያ።

ቢያዝን፦ አርባ ደቂቃ አለን።

ይታይሽ፦ እስቲ መጀመሪያ ይቀመጡ።

ቢያዝን፦ ከተቀመጥኩ ሻይ ታዣለሽ። ሻይ ከመጣ አርባው ደቂቃ አለቀ።

ይታይሽ፦ ከአገር ቤት መጥተው ቆመው ሲያነጋግሩኝ ሰው ቢያይ ምን ይላል?

ቢያዝን፦ ሰው እንዳያይማ በር ላይ ሰንጢዬን ቀምተው ነው ያስገቡኝ። «አባት፣ ስለት ይዞ መግባት ክልክል ነው» አለኝ ጥበቃው። ሰንጢዬ ሽንኩርት እንኳ አይቆርጥ።

ይታይሽ፦ ለሁሉም ሰው ነው። ሲወጡ ይመልሱልዎታል።

ቢያዝን፦ ዘንጌንም ሊወስድ ነበር። ያለ ዘንግ አልቆምም አልኩት። አሁን ወደ ነገሬ ልመለስ፣ የተከበሩ ወይዘሮ ይታይሽ።

ይታይሽ፦ እባክዎ «የተከበሩ» አይበሉኝ። ሲቆጡኝ ነው እንደዚያ የሚሉኝ።

ቢያዝን፦ አልተቆጣሁም። በሩ ላይ የተጻፈው እንደዚያ ነው ብለውኝ ነው።

ይታይሽ፦ ረቂቁን ለክፋት አላወጣነውም። በላይኛው ቀበሌ ምን እንደተደረገ ያውቃሉ። የውሃ አባት ተብዬው ተራ ሲሸጥ ከረመ። አንዱ ከፍሎ በቀን ሁለት ጊዜ ያጠጣል፤ አንዱ ሰብሉ በጥም ይደርቅበታል። መጨረሻ ላይ በዶማ ተማቱ። የሰው ክንድ ተሰበረ። እኔ ሆስፒታል ሄጄ አይቼዋለሁ።

ቢያዝን፦ ያ ሌባ ነው። ሌባውን እሰሩት።

ይታይሽ፦ ታስሯል። የሚቀጥለውስ?

ቢያዝን፦ እሱንም እሰሩት።

ይታይሽ፦ ሕግ እኮ ለእርስዎ ዓይነቱ ሰው አይወጣም፤ ለሌላው ነው የሚወጣው። ሠላሳ ስድስት ዓመት ውሃ ሲያካፍሉ አንድ ቀን የሰው ሳንቲም አልነኩም። አውቃለሁ። ነገ ግን እርስዎ ቢሞቱስ?

ቢያዝን፦ ነገ አልሞትም። ጠረጋ አለብን።

ይታይሽ፦ እየቀለዱ ነው።

ቢያዝን፦ አልቀለድኩም። ከጥቅምቱ ጠረጋ ወዲህ ቦዩ እንደ ገና በደለል ሞልቷል። ሐሙስ ሁሉም ቤት አንድ አንድ ሰው ያወጣል።

ይታይሽ፦ ደግሞም ይስሙኝ፤ ሕዝቡ ሳይጠየቅ አልወጣም። በወረዳው አዳራሽ ውይይት ተደርጓል። እርስዎም ነበሩ። ይኸውልዎ። ተራ ቁጥር ዘጠና ሦስት፣ አቶ ቢያዝን ዘለለው፣ ቀበሌ አንጉት፣ አሻራ። የእርስዎ ጣት አይደለም?

ቢያዝን፦ የኔ ነው።

ይታይሽ፦ ታዲያ?

ቢያዝን፦ የምሳ መስሎኝ ነው።

ይታይሽ፦ የምን ምሳ?

ቢያዝን፦ ከጠዋት ጀምሮ አንድ ሰውዬ ግድግዳ ላይ በመብራት የሚታይ ጽሑፍ እያሳየ ሲናገር ዋለ። ግማሹ አንቀላፋ። ስድስት ሰዓት ሲሆን አንዲት ሴትዮ መዝገብ ይዛ በየወንበሩ ዞረች። «ጣት» አለች። ጣት ሰጠን። ጣት ሰጥተን ስንጨርስ ሽሮ መጣ።

ይታይሽ፦ ለሽሮ ነው የፈረሙት?

ቢያዝን፦ መቶ ሰማንያ ሰው ለሽሮ ፈርሟል። እዚህ ሲደርስ ምን ሆኖ ደረሰ?

ይታይሽ፦ «ተሳታፊዎቹ በሙሉ ድምፅ ደግፈውታል» ይላል።

ቢያዝን፦ ሽሮውን ከሆነ እውነት ነው። ጥሩ ሽሮ ነበር።

ይታይሽ፦ ይህን እኮ ዛሬ መድረክ ላይ ልናገረው ነው። ንግግሬ ውስጥ አለ። ሁለተኛው ገጽ ላይ።

ቢያዝን፦ ተናገሪዋ። እኔ ከላይ ከሕዝቡ ጋራ ተቀምጬ እሰማሻለሁ። ወንበር ይሰጡናል ብለዋል።

ይታይሽ፦ አያ ቢያዝን፣ እርስዎን አልረሳሁም። አንቀጽ ሃያ ሁለትን ይስሙ። «በመስኖ ውሃ ክፍፍል ልምድ ያላቸው የአካባቢው ሽማግሌዎች በአማካሪነት ሊጋበዙ ይችላሉ።» ባለሙያዎቹ አያስፈልግም ሲሉ ተሟግቼ ያስገባሁት እኔ ነኝ። ለእርስዎ ብዬ።

ቢያዝን፦ «ይችላሉ» ማለት ምን ማለት ነው?

ይታይሽ፦ ያው… ይጋበዛሉ ማለት ነው።

ቢያዝን፦ ወይም?

ይታይሽ፦ ወይም አይጋበዙም።

ቢያዝን፦ ተይው። ለራሴ አልመጣሁም። የወረዳው ባለሙያ ውሃውን ያካፍል፤ ወጣት ነው፣ እግሩ ጤነኛ ነው፣ ይሩጥበት። እኔ የመጣሁት ለአንቀጽ አሥራ አራት ነው። ንዑስ አንቀጽ ሁለት።

ይታይሽ፦ ማን ነገረዎት?

ቢያዝን፦ የቀበሌው ጸሐፊ ሦስት ጊዜ አነበበልኝ። «የመስኖ ውሃ ተራ የሚሰጠው የመሬት ይዞታ ማረጋገጫ ደብተር ላለው ተጠቃሚ ብቻ ይሆናል።» ትክክል ብያለሁ?

ይታይሽ፦ ቃል በቃል።

ቢያዝን፦ እዚያ ውስጥ «ብቻ» የምትል አለች። እሷ ናት ያስመጣችኝ።

ይታይሽ፦ እሷ ባትኖር ማንም እየተነሳ ውሃ ይገባኛል ይላል።

ቢያዝን፦ ማንም አይልም። በእኛ ቦይ ተራ የሚያገኘው የጠረገ ነው። በጥቅምት አካፋ ይዞ የወጣ ቤት ተራ አለው፤ ያልወጣ የለውም። አባቴ እንዲህ ነው ያካፈለው፤ እኔም እንዲህ ነው ያካፈልኩት። ዛሬ ሠላሳ አንድ ቤት ነን። አሥራ አንዱ ደብተር የለውም።

ይታይሽ፦ አሥራ አንድ? በሪፖርቱ ላይ ሁለት ነው የሚለው።

ቢያዝን፦ ሪፖርቱን የጻፈው ሰው ቦዩ ድረስ አልወረደም። መንገድ ላይ ቆሞ ነው የጠየቀ። ጎረቤቴ ተገኘ የሰው መሬት በእኩል ነው የሚያርሰው። የባዩሽ ልጆች እናታቸው ሞታ አጎታቸው ደብተሩን ሳጥን ውስጥ ቆልፎበታል። መሠረት ባሏ ጥሏት ሲሄድ ደብተሩ በእሱ ስም ነው፤ ወንድሙ ይዞታል። ባለፈው ጥቅምት የሰባት ወር እርጉዝ ሆና ጠረገች። ተይው፣ ሌላ ሰው እንተካለን ብላት እምቢ አለች። «ተራዬን ልታስቀሩብኝ ነው?» አለችኝ።

ይታይሽ፦ ፍርድ ቤት ትክሰሰው።

ቢያዝን፦ ከሳለች። ሁለት ዓመት ሆናት። ሽንኩርት ሁለት ዓመት አይጠብቅም።

ይታይሽ፦ ደብተር ያላቸውስ ሃያዎቹ?

ቢያዝን፦ ደብተር ካላቸው ሃያዎቹ ውስጥ ደግሞ ሁለቱ ከተማ ነው የሚኖሩት። አካፋ ጨብጠው አያውቁም። በዚህ ወረቀት ከሆነ እነሱ ከነገ ጀምሮ ተራ አላቸው። መሠረት የላትም። ቦዩን ልክፈት ካለች ትቀጣለች። ቅጣቱንም ጸሐፊው አንብቦልኛል።

ይታይሽ፦ አሁን እኔን ይስሙኝ። በግልጽ ልንገርዎት። አዋጁና የቦይ ማልበሻው በጀት አብረው ነው የሚሄዱት። አዋጁ ዛሬ ካልጸደቀ በጀቱ አይለቀቅም። አምስት ቦዮች በሲሚንቶ ይለበሳሉ፤ በዓመት አንድ አንድ። አንጉት አንደኛ ነው። ሦስት ዓመት ሙሉ በየቢሮው ደጅ ጠንቼ ነው አንደኛ ያደረግሁት። ባለፈው ምርጫ ዋርካው ሥር ቆሜ ለሕዝቡ ምን እንዳልኩ ያስታውሳሉ?

ቢያዝን፦ «ቦዩ በሲሚንቶ ካልተለበሰ ተመልሳችሁ አትምረጡኝ» አልሽ።

ይታይሽ፦ እልል አላሉም?

ቢያዝን፦ አሉ። እኔም አጨበጨብኩ።

ይታይሽ፦ ታዲያ አሁን መጥተው አፍርሺው ይሉኛል?

ቢያዝን፦ ሲሚንቶው መልካም ነው። ዕድሜዬን በሙሉ ያን ቦይ በጭቃ ስደፍን ኖሬያለሁ። ሦስት ቦታ ይሰርጋል። ከዋርካው ሥር፣ ከድንጋዩ መታጠፊያ፣ ከእናትሽ ማሳ በላይ። ሲሚንቶ ቢመጣ ደስ ከሚላቸው ሰዎች የመጀመሪያው እኔ ነኝ። ግን ሲሚንቶው ከተሠራ በኋላ ውሃው ለማን ነው የሚወርደው?

ይታይሽ፦ ቀስ በቀስ ይስተካከላል። አዋጅ ይሻሻላል። ደንብ ይወጣለታል። የሚቀጥለው ዓመት እኔው ራሴ አነሳዋለሁ።

ቢያዝን፦ የሚቀጥለው ዓመት መሠረት ሽንኩርት የላትም።

ይታይሽ፦ አሥራ አንድ ቤት ነው፣ አያ ቢያዝን! በክልሉ ስንት ሺህ ቤት በዚህ አዋጅ ይጠቀማል መሰለዎት?

ቢያዝን፦ አልቆጠርኩም። እኔ የማውቀው አንድ ቦይ ነው።

ይታይሽ፦ እኔ ግን ሁሉንም ማወቅ አለብኝ። ሥራዬ ነው።

ቢያዝን፦ እውነትሽን ነው። አንድ ነገር ብቻ ልጠይቅሽና ልሂድ።

ይታይሽ፦ ይጠይቁኝ።

ቢያዝን፦ እናትሽ ዘርትሁን ምን ደብተር ነበራት?

ይታይሽ፦ እናቴን አያንሱ።

ቢያዝን፦ መልሺልኝና አላነሳትም።

ይታይሽ፦ አልነበራትም። ያውቃሉ። አባቴ ከሞተ በኋላ አጎቴ ነው መሬቱን በስሙ ያስመዘገበው። እናቴ በገዛ ማሳዋ ላይ የእኩል አራሽ ሆና ነው ያሳደገችኝ። ይህን ለማስታወስ ሦስት ቀን መጓዝ አያስፈልግዎትም ነበር።

ቢያዝን፦ ተራ ግን ነበራት።

ይታይሽ፦ ነበራት።

ቢያዝን፦ በምን?

ይታይሽ፦ በአካፋዋ። እኔንም አዝላ ትጠርግ ነበር። ይበቃል?

ቢያዝን፦ ይበቃል። ልሂድ። ደወል ሊደወል ነው።

ይታይሽ፦ ቆይ። እንዲህ ብለውኝ አይሄዱም። ስለዚያ ዓመት ሲያወሩ የዘለሉት ነገር አለ። በዚያ መጋቢት የእናቴ ተራ የደረሰ ቀን ውሃው እየሰረገ ማሳችን ሳይደርስ መሸ። እናቴ አለቀሰች። እርስዎ መጥተው «ተራሽ አልፏል፤ ሕጉ እንዲህ ነው፤ ተራ ከተሰጠ ተሰጥቷል፣ ውሃው ደረሰም አልደረሰም» አሏት። እኔ ሰምቻለሁ። ጠላሁዎት።

ቢያዝን፦ ለሁሉም የሚሠራ ሕግ ነው። ለእሷ ብቻ ልሽረው?

ይታይሽ፦ በማግስቱ ግን የራስዎን ተራ አበደሯት። ቦዩን በጭቃ ደፍነው ውሃውን ማሳችን ድረስ እየመሩ አመጡት። ሽንኩርቱ ተረፈ። ተሸጠ። በዚያ ሽንኩርት ነው እኔ ዘጠነኛ ክፍል ከተማ ገብቼ የተማርኩት። ይህን ነው በዝምታ የሚያስታውሱኝ? ውለታ ለመሰብሰብ ከመጡ በግልጽ ይንገሩኝ።

ቢያዝን፦ ቃሉን አንቺ ነሽ ያነሳሽው። እኔ አላነሳሁም።

ይታይሽ፦ ደግሞ እናቴ የማንም ዕዳ የለባትም። በሰኔ የራሷን ተራ መልሳልዎታለች። እኔ ነኝ የተላክሁት። በጠዋት ቤትዎ መጥቼ «እናቴ ዛሬ ውሃው የእርስዎ ነው ብላለች» አልኩዎት። አብረን ሄደን ቦዩን ወደ ማሳዎ ከፈትን። ይካዱኝ እስቲ።

ቢያዝን፦ አልክድም። ሰኔ ሰባት። መጣሽ። ከፈትን።

ይታይሽ፦ ስለዚህ ተከፍሏል።

ቢያዝን፦ እናትሽ ደስ ብሏት ነበር።

ይታይሽ፦ «ተከፍሏል» ይበሉኝ።

ቢያዝን፦ ደወሉ መቼ ነው ያልሽው?

ይታይሽ፦ አውራ ጣትዎን ያንሱ።

ቢያዝን፦ ምን?

ይታይሽ፦ ከገቡ ጀምሮ ዘንጉን አንድ ቦታ ላይ ነው የያዙት። ሲቆጡም ሲቀልዱም አውራ ጣትዎ ከዚያ አልተነሳም። ልጅ ሆኜ ያን ዘንግ አውቀዋለሁ። ሰው ተራ ሲበደር በሰንጢ ይጭሩበታል። ሲከፍል ጭረቱን ይፍቁታል። ያንሱ።

ቢያዝን፦ ያረጀ እንጨት ነው። በራሱ ይሰነጠቃል።

ይታይሽ፦ አያ ቢያዝን።

ቢያዝን፦ ይኸውልሽ። አየሽው?

ይታይሽ፦ አንድ ጭረት ነው። ሌላው ሁሉ ተፍቋል። የማን ነው?

ቢያዝን፦ የድሮ ነው።

ይታይሽ፦ የማን ነው አልኩ?

ቢያዝን፦ የዘርትሁን።

ይታይሽ፦ ከፍላለች እኮ! እኔው ራሴ…

ቢያዝን፦ ሰኔ ሰባት፣ ልጄ። ሰኔ አራት ዝናብ ጀመረ። ሰኔ ስድስት ቀኑን ሙሉ ዘነበ። አንቺ ስትመጪ ማሳዬ ውሃ ተኝቶበት ነበር። በአባቶቻችን ሥርዓት በድርቅ የተበደረ ተራ በድርቅ ነው የሚመለሰው። ዝናብ ከጣለ በኋላ የማይፈልጉትን ውሃ መስጠት እንደ መመለስ አይቆጠርም።

ይታይሽ፦ እናቴ ይህን አታውቅም ነበር?

ቢያዝን፦ ሴቶቹ ከጠረጋው እንጂ ከክፍፍሉ ሸንጎ አይገቡም ነበር። ማን ይንገራት? ባሏ የለ።

ይታይሽ፦ ውሃውን ምን አደረጉት?

ቢያዝን፦ አንቺ ዞር ስትዪ ወደ ወንዙ መለስኩት።

ይታይሽ፦ ለምን አልነገሯትም?

ቢያዝን፦ ምን ብዬ? ዕዳዋን ከፍላ ደስ ብሏት ቀና ብላ ስትሄድ፣ ጠርቼ አልተቆጠረም ልበላት?

ይታይሽ፦ እሺ፣ ሆድዎ ከራራ ለምን አልፋቁትም? ሃያ ሰባት ዓመት! እሷም ከሞተች አራት ዓመቷ!

ቢያዝን፦ ዝም ማለት ሌላ ነው። መፋቅ ግን ውሸት ነው።

ይታይሽ፦ ተከፍሏል ብላ ነው የሞተችው።

ቢያዝን፦ አታልቅሺ። ቀይ ዓይን ይዘሽ መድረክ ላይ አትወጪም።

ይታይሽ፦ አላለቀስኩም። የእርስዎስ ሽንኩርት?

ቢያዝን፦ ምን ሆነ?

ይታይሽ፦ በዚያ መጋቢት። ተራዎን ለእኛ ከሰጡ በኋላ።

ቢያዝን፦ የውሃ አባት ተራው መጨረሻ ነው። ታውቂያለሽ፤ ቀድሞ ካጠጣ ማን ያምነዋል? ከእኔ በኋላ ዙሩ እንደ ገና ከላይ ጀመረ። ሃያ አራት ቀን ጠበቅሁ።

ይታይሽ፦ ደረቀ?

ቢያዝን፦ ደረቀ።

ይታይሽ፦ ሙሉዓለም… ልጅዎ ትምህርቱን ትቶ ሰሊጥ ሊያጭድ መተማ የወረደው በዚያ ዓመት ነው? የኔ እኩያ ነበር። ከእኔ ይበልጥ ነበር በሒሳብ።

ቢያዝን፦ ወባ ይዞት ነበር፤ ተርፏል። እዚያው ቀረ። ሦስት ልጆች አሉት። ደህና ነው፣ ስልክ ይደውላል።

ይታይሽ፦ ይህን ሁሉ ይዘው ነው ከአንድ ሰዓት ጀምሮ ደጄ ላይ የቆሙት?

ቢያዝን፦ ለዚህ አልመጣሁም። የመጣሁት ለ«ብቻ» ነው። ይህንን ያወጣሽው አንቺ ነሽ፤ ዓይንሽ ከእናትሽ ይብሳል። አሁን ልሂድ፤ ጊዜሽን በላሁት።

ይታይሽ፦ ይቀመጡ።

ቢያዝን፦ ሻይ…

ይታይሽ፦ ሻይ የለም። ይቀመጡ። ስንት ሰዓት ነው? ሁለት ከአርባ። አንቀጹን እኔ ብቻዬን ልቀይረው አልችልም። ማሻሻያ ላቀርብ እችላለሁ፤ ድምፅ ግን ያስፈልጋል። የኮሚቴዬ አባላት ከእኔ ጋራ ይሆናሉ። አይበቃም።

ቢያዝን፦ የሚበቃው ድምፅ ማን ዘንድ ነው ያለው?

ይታይሽ፦ አቶ ገደፋው ዘንድ። የቆላው ተወካይ ነው። እሱ እጁን ካነሳ ሃያ ሁለት ሰው አብሮት ያነሳል።

ቢያዝን፦ ለምኚዋ።

ይታይሽ፦ እሱ ነው እኔን ሲለምነኝ የከረመው። የእነሱ የሸምበቆ ቦይ ከአምስቱ መጨረሻ ነው የተመደበው፤ አምስተኛ ዓመት። አንደኛ አድርጊልኝ አለኝ። እምቢ አልኩት። ሁለት ሳምንት ሆነው፤ ኮሪደር ላይ ሰላም አይለኝም።

ቢያዝን፦ የእነሱ ቦይ እንዴት ነው?

ይታይሽ፦ አሸዋ ነው። ግማሹ ውሃ መሬት ውስጥ ይገባል። ዘንድሮ በጥር ነው የደረቀባቸው።

ቢያዝን፦ አይ። አይ፣ ይታይሽ። የምታስቢውን አይቻለሁ። ተይው።

ይታይሽ፦ ምን አሰብኩ?

ቢያዝን፦ የአንጉትን ተራ ልትሰጪው ነው።

ይታይሽ፦ ሌላ ምን አለኝ?

ቢያዝን፦ ዋርካው ሥር የማልሽውስ? ሰው ይበላሻል። ምርጫው የከርሞ ነው። «ሲሚንቶአችንን ለቆላ ሸጠችው» ይሉሻል። እኔንም አብረው ይሉኛል። እሱ ነው ከተማ ሄዶ ያስቀረብን ይሉኛል።

ይታይሽ፦ ይሉዎታል።

ቢያዝን፦ አምስት ዓመት! እኔ ሰባ ሁለቴ ነው። አምስት ዓመት ጭቃ ልደፍን?

ይታይሽ፦ ነገ አልሞትም ብለውኛል እኮ።

ቢያዝን፦ አትቀልጂ።

ይታይሽ፦ አልቀለድኩም። ወይ ሲሚንቶው ነው፣ ወይ መሠረት ናት። ሁለቱን አንድ ላይ የማገኝበት መንገድ ካለ ያሳዩኝ። ከእኔ ይበልጥ ቦይ ያውቃሉ። ከሌለ ደግሞ ይምረጡልኝ።

ቢያዝን፦ እኔ ልምረጥ? ወንበሩ ላይ የተቀመጥሽው አንቺ ነሽ።

ይታይሽ፦ ያ መጋቢት ማን መረጠልዎት?

ቢያዝን፦ ማንም።

ይታይሽ፦ ለባለቤትዎ ነግረዋት ነበር?

ቢያዝን፦ ከሰጠሁ በኋላ ነው የነገርኳት። ሁለት ሳምንት አላናገረችኝም።

ይታይሽ፦ እንግዲያው ዝም ይበሉና ልደውል። …ሃሎ፣ ጋሽ ገደፋው? ይታይሽ ነኝ። …አውቃለሁ እንደተቀየሙኝ፤ ቂሙን ከስብሰባው በኋላ እንጨርሰዋለን። ይስሙኝ። የሸምበቆ ቦይ አንደኛ ይሁን። …አዎ፣ አንደኛ። ዘንድሮ። …አልሰከርኩም፣ ገና ጠዋት ነው። …አንጉት መጨረሻ ይሁን። አምስተኛ። …አላበድኩም ብዬዎታለሁ። አንድ ነገር እፈልጋለሁ። አንቀጽ አሥራ አራት፣ ንዑስ ሁለት። «ብቻ» የምትለዋ ትውጣ፤ በእሷ ምትክ «ወይም በዓመታዊ የቦይ ጠረጋ የተሳተፈ» ይግባ። …ከውሃ አባቶች ነው የሰማሁት። …ሃያ ሁለቱም ይነሱልኝ፤ አንድ እንዳይጎድል። …እጽፈዋለሁ። ፈርሜ ሳልገባ አገኝዎታለሁ፣ በሩ ጋ ይጠብቁኝ። …ኧረ ምንም አልፈልግም። ዕዳ ነው። …የማን ዕዳ ቢሉ ረጅም ነው፤ ሌላ ቀን። እሺ።

ቢያዝን፦ ምን አለ?

ይታይሽ፦ «ልጆቼን በአንቺ ስም አስምላለሁ» አለ። ይሄኔ ኮሪደር ላይ እየሮጠ ነው።

ቢያዝን፦ አደረግሽው።

ይታይሽ፦ ይቆዩ፣ ልፈርም። «የቅደም ተከተል ለውጥ። አንደኛ፣ ሸምበቆ። አምስተኛ፣ አንጉት።» ቀን… ፊርማ። ንግግሬ ላይ ያለውንም ሁለተኛውን ገጽ ልሰርዘው ነው። «በሙሉ ድምፅ ደግፈውታል» የሚለውን።

ቢያዝን፦ ሽሮውን አትሰርዢ።

ይታይሽ፦ ሳቁ እንዴ? ሲስቁ አይቼዎት አላውቅም።

ቢያዝን፦ አልሳቅሁም። ደወሉ ነው?

ይታይሽ፦ የመጀመሪያው ደወል ነው። አምስት ደቂቃ አለኝ።

ቢያዝን፦ ድምፁ ገና አልተሰጠም፤ ታውቂያለሽ። ሰውየው ቢከዳሽስ? ሃያ ሁለቱ ባይነሱስ?

ይታይሽ፦ ሊከዳኝ ይችላል።

ቢያዝን፦ ያን ጊዜ ሲሚንቶውም የለ፣ አንቀጹም የለ።

ይታይሽ፦ እናቴን ምን አሏት በዚያ ምሽት? ተራ ከተሰጠ ተሰጥቷል። ውሃው ደረሰም አልደረሰም።

ቢያዝን፦ …ብያለሁ።

ይታይሽ፦ ለሁሉም የሚሠራ ሕግ ነው ብለዋል፤ አሁን፣ እዚህ ቆመው። ለእኔ ሊሽሩት ነው?

ቢያዝን፦ አልሽረውም።

ይታይሽ፦ ዘንድሮስ? ዝናብ ነው ወይስ ድርቅ? ከጥር ጀምሮ ለአንጉት ስንት ቀን ዘነበ?

ቢያዝን፦ አልዘነበም።

ይታይሽ፦ የምንፈልገውን ነው የሰጠሁት ወይስ የማንፈልገውን?

ቢያዝን፦ የምንፈልገውን። በጣም የምንፈልገውን።

ይታይሽ፦ ለቦያችን ሰዎች እርስዎ ይንገሩልኝ። እኔ ደግሞ ዋርካው ሥር መጥቼ ራሴ እቆማለሁ፤ የሚሉኝን ይበሉኝ። ልሂድ፤ ገደፋው በር ላይ ይጠብቀኛል።

ቢያዝን፦ ቆይ። ሰንጢዬን በር ላይ ወስደውብኛል። እዚህ ቤት ስለት የሚባል ነገር አለ?

ይታይሽ፦ የወረቀት መቁረጫ አለ። መሳቢያው ውስጥ። ይኸው። ይስጡኝ ዘንጉን፣ እኔ ልፋቀው።

ቢያዝን፦ አይሆንም። የሚፍቀው የተከፈለው ሰው ነው። አንቺ ዘንጉን አጥብቀሽ ያዢልኝ።